የንግድ ሕንጻ በር ቁልፍ፦ ደረጃ 1 ወይስ ደረጃ 2?

የደረጃው ቁጥር ሲያንስ ቁልፉ ይጠነክራል። በአሜሪካው የአንሲ/ቢኤችኤምኤ መስፈርት ክብ ቀዳዳ ውስጥ የሚገጠም ባለእጀታ ቁልፍ ደረጃ 1 ለመባል 1,000,000፣ ደረጃ 2 ለመባል 400,000 ጊዜ ተከፍቶና ተዘግቶ መፈተን አለበት። ደረጃ 3 የመኖሪያ ቤት ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም።

አጠቃቀም፦ በቀን 1,000 ጊዜ የሚከፈት ዋና መግቢያ የደረጃ 2ን የፈተና ልክ በ400 ቀን ይጨርሳል፤ የደረጃ 1ን ግን በ1,000 ቀን። በቀን 20 ጊዜ ለሚከፈት ዕቃ ቤት ደረጃ 2 በስሌት ከ50 ዓመት በላይ ይበቃዋል፤ እዚያ ደረጃ 1 መግጠም ገንዘብ መበተን ነው።

ዋጋ፦ ደረጃ 1 ይወደዳል።

ገጠማ፦ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የ54 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቀዳዳው መሃል ያለው ርቀት (በአብዛኛው 70 ሚሊሜትር) ከገጠመ፣ ደረጃ 2ን በኋላ በደረጃ 1 መተካት ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም።

ብልሽት፦ ደረጃ 2 ሥራ ሲበዛበት ሞላው ይደክምና እጀታው ወደ ታች ያዘነብላል። ማጠፊያው የረገበ በር ግን ደረጃ 1ንም አይምርም፤ በሩ ስለሚወርድ ምላሱ የመቀበያውን ላሜራ እየፋቀ ያልቃል። መጀመሪያ የማጠፊያውን ብሎን አጥብቁ።

ስርቆት፦ ደረጃ 1 መሆኑ ብቻ በመንጠቆ አይከፈትም ማለት አይደለም፤ ያ የሲሊንደሩ (መክፈቻው የሚገባበት ክፍል) ጉዳይ ነው። የእሳት በር (እሳት እንዳይዛመት የሚያግድ) ከሆነም የእሳት ማረጋገጫው ለብቻው ይጠየቅ።

ለዋና መግቢያ፣ ለፎቅ መወጣጫ በርና ለሕዝብ መጸዳጃ፦ ደረጃ 1።
ለቢሮ ክፍል፣ ለስብሰባ ክፍልና ለዕቃ ቤት፦ ደረጃ 2።