«ለኮስተር የሚበቃ» የሚል ውል አትፈርሙ

ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅ መኪና ያላችሁና በግቢያችሁ የመኪና ቤት ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔና ባለቤቴ 420 ሺህ ብር ያወጣንበት የመኪና ቤት ሳቢያን ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ባዶውን ቆሟል። መኪናው ደጅ፣ ኒም ዛፍ ሥር ያድራል።

መኪናችን ኮስተር ነው። ወንበሮቹን አውጥተን አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውኃ በርሜል አስገጥመንለታል። እንግዶችን ወደ ሐረር፣ ወደ ባቢሌ የዝሆን መጠለያና ወደ አዋሽ ፓርክ የምንወስደው በእሱ ነው። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ጥላ ለምን እንደፈለግን አይጠይቅም፤ በአንድ በጋ ብቻ ቀለሙ ገረጣ፣ የመስኮቶቹ ጎማም ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

የብረት ሥራ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ግቢውን ለካ፤ መኪናውን ግን አልለካም። «ኮስተር አይደል? ስንቱን ሠርቻለሁ» አለን። ውሉ ላይ የሰፈረው «ለኮስተር የሚበቃ፣ የበር ከፍታ 3 ሜትር» የሚል ነው። 70 በመቶውን በዚያው ቀን ከፈልን። ቀሪውን የተቀበለን ደግሞ መኪናው ለጉዞ ወጥቶ ሳለ፣ ቁልፉን አምጥቶ «ተጠናቋል» ባለን ዕለት ነው። ይህ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

በሩ ወደ ላይ የሚጠቀለል የላሜራ በር ነው። 3 ሜትሩ የተለካው ከወለሉ እስከ አርኪትራቩ (ከበሩ በላይ እስካለው አግዳሚ) ድረስ ነበር፤ ላሜራው የሚጠቀለልበት ሳጥን ግን ከዚያ በታች 35 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ተንጠልጥሏል። ለመኪናው የተረፈው 2 ሜትር ከ65 ብቻ ነው። ጣሪያው ላይ ምንም ያልተጫነበት ኮስተር ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ስለሆነ ለጥቂት ሊያልፍ ይችል ይሆናል። የእኛ ግን ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣና ፖርቶ መጋላ (ዕቃ መጫኛ) ስላለው 2 ሜትር ከ90 ይደርሳል። ሰውዬው ግን ሜትሩን ዘርግቶ አርኪትራቩን እያሳየ «ይኸው 3 ሜትር» አለን።

ሳጥኑን አስነቅለን በሁለት ተካፋች በር አስቀየርነው። 38 ሺህ ብር ጨመርን። አሁንስ ገባ ብለን ባለቤቴ በኋላ ማርሽ ሲያስገባው እኔ ወደ ጎን ቆሜ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ነበረ፤ ዓይኔ እያየ ጠበበ፣ ከዚያም የማቀዝቀዣው ክዳን የጣሪያውን አግዳሚ ብረት ነክቶ ተሰነጠቀ።

ምክንያቱን ያስረዱን ዕድሜያቸውን በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። «ልጄ፣ ከኋላ ጎማው አልፎ ስንት እንደሚወጣ ለካሽ ወይ?» አሉኝ። አልለካሁም ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ወለሉን ዝቅ አያደርግም፤ እኛም ከመንገዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገነዋል። የኋላ ጎማዎቹ ያንን ከፍታ ወጥተው የፊቶቹ ገና መንገዱ ላይ ሲሆኑ መኪናው ይጋደላል። ከኋላ ጎማው አልፎ የተረፈው 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጫፉ ተጨማሪ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል። 2 ሜትር ከ90 የነበረው 3 ሜትር ከ5 ይሆናል ማለት ነው።

ርዝመቱም አላዋጣንም። መኪናው 7 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ቤቱ ከውስጥ 7 ሜትር ከ20 ነው። ቢገባ እንኳ የኋላ በሩ አይከፈትም፤ የጋዙ ሲሊንደር ያለው ደግሞ እዚያ ነው። በዚህ ላይ አየር ማስወጫውን ከላይ ብቻ ነው የሠራው። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ማስወጫው ከታችም መኖር አለበት። ምድጃ ያለበት መኪና የምታሳድሩ ሰዎች ይህን እባካችሁ አትለፉት፤ ሲሊንደሩንም ቆርቆሮ ሥር ከማሳደር ይልቅ አውጥታችሁ ነፋሻ ቦታ አስቀምጡት።

የሕግ ባለሙያ ስናማክር የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1731 አነበበልን፤ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። ሰውዬው «3 ሜትር» በሚለው ቃል ይከራከራል፤ እኛ «ለኮስተር የሚበቃ» የሚለውን ይዘናል፤ የየትኛው ኮስተር እንደሆነ ግን አልጻፍንም።

ስለዚህ መኪናችሁን ዕቃው ሁሉ ጣሪያው ላይ እንዳለ፣ ስፖኪዮዎቹም ተዘርግተው ራሳችሁ ለኩ። ውሉ ላይ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቀረውን ክፍተት፣ ከፍታውንም ስፋቱንም፣ በቁጥር አጽፉ። የመግቢያው ዳገት ስንት እንደሆነም ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ መኪናው ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እንደገና ከወጣ በኋላ እንዲሆን አድርጉ። ሠሪው «እኔን አታምኑኝም?» ቢላችሁም በዚህ አትለሳለሱ፤ እኛ ያፈርነው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሰውዬው አርኪትራቩን ሰብሮ ጣሪያውን ለማንሣት ሌላ 90 ሺህ ብር ጠይቆናል። አልከፈልንም። ውል ፈርማችሁ ቀሪውን ገና ያልከፈላችሁ ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ሜትር ይዛችሁ ውጡ።