ባሕር ዳር ላይ ፒዛ የት እንብላ? በጾሙ ፒዛ ለዩት

ባሕር ዳር ላይ «የማን ቤት ፒዛ ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ «ጣና ዳር ነው እንጂ!» ይላል። ሌላው «እዚያ የምትከፍለው ለነፋሱ ነው፤ ፒዛ ያለው ሰፈር ውስጥ ነው» ብሎ ይሞግተዋል። የዩኒቨርሲቲው የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ ደግሞ አንዱን ለአራት ተካፍሎ የጠገበበትን ቤት ይጠራል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ ቦታው፣ አንዱ ስለ ሊጡ፣ አንዱ ስለ ኪሱ ነው የሚያወራው።

የቤት ስም አልዘረዝርም። ጋጋሪው ሥራ በለቀቀ ማግስት ጣዕሙም አብሮት ይሄዳል። የቤቱ ዓይነትና ምድጃው ግን ቶሎ አይለወጡም። ስለዚህ የማወዳድረው እነሱን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። አዲስ ቤት ስትገቡ የጾም ፒዛ እዘዙ። የፍስኩ ላይ ቺዙ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። በቅጡ ያልቦካ ሊጥም፣ የሚጎመዝዝ ሱጎም ከቀለጠ ቺዝ ሥር ተደብቆ ያልፋል። የጾሙ ላይ መደበቂያ የለም። ሊጥ፣ ሱጎ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በቃ። ይህን አጣፍጦ የሚያወጣ ቤት የፍስኩን አያበላሽም። ደግሞም እኛ ዘንድ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። የጾም ፒዛው ለይስሙላ ብቻ የሚሠራበት ቤት ለጎጃም ሰው ምኑ ነው?

የመጀመሪያው ትልቅ ልዩነት ምድጃው ላይ ነው። የኔፕልስ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እነሱ የእንጨት ምድጃቸውን ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግሉና ፒዛውን በ90 ሰከንድ ገደማ ያወጡታል። ሊጡ ውሃው ተኖ ሳያልቅ ይበስላል። ጠርዙ ያብጣል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ተራ የኤሌክትሪክ ኦቨን ሙቀቱ ከዚህ በጣም ያንሳል። ፒዛው ብዙ ደቂቃ ውስጥ ስለሚቆይ ይደርቃል፤ ቀርቀጭ ይላል። ይህን የሚወድም ብዙ ሰው አለ።

የእኔ ምርጫ የእንጨቱ ነው። ግን የእንጨት ምድጃ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እሳቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ፒዛው ሲመጣላችሁ አንዱን ቁራጭ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩት። እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ካለው ምድጃው በደንብ ግሎ ነበር ማለት ነው። ሥሩ ነጭና ለጋ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ካረረ ግን ነበልባሉ እንጂ የምድጃው ወለል አልጋለም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እሳቱ ገና እንደተያያዘ ቀድማችሁ ስትደርሱ ነው። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ነገሩ ያለ ክርክር ያልቃል። የእንጨቱ ቤት ይሠራል፤ የኤሌክትሪኩ ቤት ጄኔሬተር ከሌለው «ፒዛ የለም» ይላችኋል።

ሊጡን ለመለየት የእኛን ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ቀን ጠብቆ ከቦካ ሊጥ የተጋገረ እንጀራና ተቻኩሎ የተጋገረ እንጀራ አንድ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? ፒዛም ያው ነው። ጥሩ ቤት ሊጡን ከትናንት አቡክቶ ያሳድራል። የቸኮለው እርሾ አብዝቶ በአንድ ሰዓት ያነሳዋል። የቸኮለው ሊጥ እርሾ እርሾ ይሸታል። አስተናጋጁን «ሊጡ መቼ ነው የተቦካው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ጣና ዳር ያሉት ሆቴሎችና መዝናኛዎች ጋ ስትሄዱ የምትገዙት ማምሻውን ጭምር ነው። እንግዳ ከሩቅ ከመጣ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሜዳ ካስፈለገ፣ ሌላ ቦታ አልመርጥም። ግን ከወጥ ቤቱ እስከ ውሃው ዳር ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ነፋሱም አለ። አንዱ ቤት ያመጣልኝ ፒዛ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ቺዙ ረግቶ እንደ አንድ ቅጠል በሙሉ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እዚያ አካባቢ ስሄድ ወጥ ቤቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዋጋውንም ሜኑው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ አትዩት። ቫት 15 በመቶ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ ከተጨመረበት ሂሳቡ ከሩብ በላይ ከፍ ይላል። «ሁሉንም ያካተተ ነው?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀበሌ 14 እና መሰል ሰፈሮች ውስጥ ያሉት ካፌዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። ከምድጃ ወደ አፍ ነው። ወንበሩ ላይመች ይችላል፤ ፒዛው ግን ትኩስ ነው። ለሁለት ሆኖ ለመብላት እነሱን አስቀድማለሁ።

ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ለምትበሉ ደግሞ ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። በ25 ሴንቲ ሜትርና በ35 ሴንቲ ሜትር ፒዛ መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስፋቱ ሲሰላ ግን ትልቁ የትንሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የትልቁ ዋጋ ከትንሹ በግማሽ ብቻ ከበለጠ፣ ለሁለት ሰው ሁለት ትንንሽ ከማዘዝ አንድ ትልቅ ይሻላል። ግማሹን ጾም ግማሹን ፍስክ የሚሠሩላችሁም አሉ። የሚጾም ሰው ግን ይህን ባይሞክረው ጥሩ ነው፤ ቺዙ ወደ ጾሙ በኩል ይፈሳል፣ መቁረጫውም አንድ ነው። ዓሣ በጾም የማይበላ ሰውም ሲያዝ «ቱና አይግባበት» ይበል። ብዙ ቤት የጾም ሲባል ቱና ይጨምርበታል። ሊጡ ውስጥ ወተት ወይም ቅቤ እንዳለም መጠየቅ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ከሆናችሁ መለኪያው አይለወጥም፤ ብርዱ ግን ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ላይ። ማርቆስ ላይ ፒዛ በረንዳ ላይ አይበላም። ውስጥ ግቡ።

ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ምርጫዬ ይገለበጣል። የእንጨት ምድጃው ለስላሳ ፒዛ ካርቶን ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። የኤሌክትሪኩ ደረቅ ስላለ መንገድ ይችላል። አባይ ማዶ ድረስ የምትሻገሩ ከሆነ ከኤሌክትሪኩ ቤት ግዙ፤ የካርቶኑን ክዳንም በትንሹ ከፈት አድርጋችሁ ያዙት። ቤት ስትደርሱ ዘይት በሌለው መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ብታሞቁት ሥሩ መልሶ ቀርቀጭ ይላል።