ከጅማ ያመጣሁት በርጩማ

ሁለት በርጩማ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያውን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፣ ሲያዩት ደስ ይላል። በሁለተኛው ወር መቀመጫው መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። እማዬ ቡና ልታፈላ ቁጭ ስትል ስንጥቁ ቀሚሷን ቆንጥጦ ያዘው። ሱቁ ሄጄ ባሳያቸው «እንጨት ነው፣ ምን እናድርግ?» አሉኝ። በጣም ነው የከፋኝ።

ሁለተኛውን ጅማ ሄጄ ከጠራቢው እጅ ገዛሁት። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው። እማዬ በየቀኑ ትቀመጥበታለች። አንድም ስንጥቅ የለውም።

ቦታው ሱቅ ለማለት ይከብዳል። ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ በቆርቆሮ የተከለለ ዳስ ነው። አንድ አባት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይሠራሉ። ከተደረደሩት አንዱን አንስቼ ሳገላብጠው አዩኝና «ልጄ፣ ከላይ አትይው፤ ገልብጪና ሥሩን እዪው» አሉኝ። ዕቃውን ሥሩን እንድመረምርለት የጠየቀኝ ሻጭ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም አንድ እንጨት ናቸው። ምስማር የለ፣ ኮላ የለ። ከላይ ሲታይ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ጉዱ ያለው ከሥር ነው። የግንዱ እምብርት መቀመጫው ውስጥ ከቀረ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። እሳቸው ግንዱን ለሁለት ይሰነጥቁና እምብርቱን ጠርበው ያወጡታል። ከዚያ በመጥረቢያ ቅርጹን ብቻ ያወጡለትና ጥላ ውስጥ ለወራት ያስቀምጡታል። መሮ የሚነካው ከደረቀ በኋላ ነው። ቤት ስመለስ የተሰነጠቀውን ገልብጬ አየሁት። እምብርቱ እዚያው መሃል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ስንጥቁም የተነሳው ከእሱ ነው።

ሦስት እግር የሆነበትም ምክንያት አለው። ወለሉ ጎርባጣ ቢሆን እንኳ አይንገዳገድም። የእኛ ግቢ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አራት እግር ያለው ወንበር ሁሉ ይወዛወዛል፤ ይሄ ግን ንቅንቅ አይልም።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው፤ መጠየቅም ያለብን ይመስለኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። የእሳቸው የመጣው ከገበሬ ማሳ ነው፤ ለቡና ጥላ ሆኖ ኖሮ ያረጀ ዋንዛ ነበር። ለቡናው ጥላ ሆኖ የኖረ እንጨት እማዬ ቡና የምታፈላበት መቀመጫ መሆኑን ሳስበው ውስጤን ደስ ይለዋል።

በማግስቱ ጅማ አጠገብ ያለው ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ቤተ መንግሥቱ ባለ ፎቅ ሆኖ አብዛኛው ነገሩ እንጨት ነው። ከዚያ ወርጄ ጅማ ሙዚየም ገባሁ። እዚያ ካሉት የድሮ የእንጨት ወንበሮች ፊት ብዙ ቆየሁ። እኔ ትናንት የገዛሁት የእነዚያ ታናሽ ወንድም ነው። የአሠራሩ መንገድ ያው ነው፣ መጥረቢያና መሮ።

አሁን ቅር ያሉኝን ልናገር። 3,500 ብር ከፍያለሁ፤ ከአዲስ አበባው ሱቅ 900 ብር ይበልጣል። ደረሰኝ የለም። ትእዛዝ ከሰጣችሁ ደግሞ ቀጠሮው ይረዝማል፤ እንጨቱ እስኪደርቅ ነዋ። ከእግሮቹ አንደኛው ውስጥ ውስጡ በደንብ አልተሞረደም፣ ናይሎን ጨርቅ ይይዛል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አውቶቡስ ላይ እግሬ መሃል አድርጌ ነው ያመጣሁት። ማሸግ የሚባል ነገር የለም፤ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ቢሆንም ደግሜ እገዛቸዋለሁ። እንዲያውም ለፋሲካ ረከቦት አዝዣለሁ። እኔ ስድስት ስኒ የሚይዝ ብዬ ነበር። እማዬ ሰምታ ስልኩን ተቀበለችኝና «አባባ፣ አሥራ ሁለት ያድርጉት» አለቻቸው።