ችግኙን ግዙ፣ የጫካ አፈሩን ግን ተዉት

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አሉ። ከአንዳቸው ጋር ሁለት ዓመት ደንበኛ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ልጆቹን ማሳጣት አልፈልግም።

ችግኛቸው በጣም ጥሩ ነው። ጤና አዳሙ፣ የጥብስ ቅጠሉ፣ ጄራኒየሙ፣ ሁሉም ሥር የያዘ ነው፤ ፕላስቲኩን ቀዳችሁ ስታወጡት አይፈርስም። ዋጋ አያንሩም። ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች የትኛው ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ጥላ እንደሚበቃው ሳይሰለቹ ያስረዳሉ።

ቅር ያለኝ አፈሩ ነው።

ባለፈው ሰኔ ለበረንዳዬ አንድ ጆንያ አፈር ፈለግሁ። ልጁ፣ "ማዘር፣ ይሄን ይውሰዱ፣ የጫካ አፈር ነው፣ ከእንጦጦ የመጣ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጋዜጣ ላይ ስዘረግፈው ቤቱን ዝናብ የመታው ጫካ ሸተተው። ጥቁርና ልስልስ ነው። ግማሹ የበሰበሰ ቅጠል፣ እዚህም እዚያም ነጭ ክር የመሰለ የፈንገስ ድር፣ ሁለት የምድር ትል። ከመሀሉ ደግሞ ጣቴን የማታክል የጽድ ቡቃያ ወጣች፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ቅጠሎቿን ገና መዘርጋቷ ነበር። እጄ ላይ ይዣት ዝም አልኩ።

ደን ውስጥ ለም የሚባለው አፈር በአብዛኛው ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ ነው። ቅጠል እየረገፈ፣ ትሉና ፈንገሱ እያብላላው፣ በብዙ መቶ ዓመት የሚሠራ ነገር ነው። ያ ነጭ ክር ደግሞ ዝም ብሎ ሻጋታ አይደለም፤ አንዳንዱ ከዛፉ ሥር ጋር ተያይዞ ውኃና ፎስፈረስ ያቀብለዋል፣ ዛፉም በምትኩ ስኳር ይሰጠዋል። አካፋ ሲገባበት ይበጣጠሳል። ምንጣፉ ከተገፈፈ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ባዶውን መሬት ይደበድበዋል፤ ውኃው መስረጉን ትቶ ቁልቁል ይሮጣል። ነሐሴ ላይ ድልድዩ ጋ ቆማችሁ የቀበናን ወንዝ ብታዩት ቀይ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሁሉም በጆንያው ምክንያት ነው አልልም፣ ግን ከላይ እንጦጦ መሆኑን አንርሳ። ተራራው አንዴ ተራቁቶ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛፉ ለማገዶና ለቤት ሥራ ስላለቀ ነው ከአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ የመጣው። ዛሬ አገር በቀሉ ጽድ በራሱ ጊዜ ሲበቅል አብሮ ታፍሶ ከተማ ይወርዳል። ደኑ እኮ የሁላችንም ነው፣ የአንድ ሰው ጓሮ አይደለም።

ለአበባችንም ቢሆን አልሆነም። ከላይ ቅጠል የሚረግፍበት የለ፣ ትሎቹም ሞቱ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ሰጥሞ ጠጠረ፣ ውኃ ሳጠጣው ከላይ ይተኛል።

ተመልሼ ሄጄ ነገርኩት። አልተቆጣም። "ማዘር፣ ሰው ነው እኮ የጫካ አፈር እያለ የሚጠይቀን" አለ። እውነቱን ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር የገዛሁት። ከዚያ ከጓዳ ከአትክልት ልጣጭና ከእበት የተሠራ ኮምፖስት አውጥቶ አሳየኝ። 3 እጅ ተራ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ አድርጎ አደባለቀልኝ። ይህን ካደረግሁ አምስት ወር ሆነኝ። ጄራኒየሙ ሁለት ጊዜ አበበ፣ ውኃውም ወዲያው ይሰርጋል። ዋጋውም ከጆንያው ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ሂዱ፣ ግዙ፣ ግን "ይሄ አፈር ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኮምፖስቱን ካልጠየቃችሁ አያወጡትም፤ የጫካው ጆንያ ግን አሁንም በሩ ጥግ ተደርድሯል። እሱ እስኪነሳ ድረስ ከአምስት ሦስት ነው የምሰጠው።