«በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚባል የዶሮ መድኃኒት ሲቀርብላችሁ ወረቀቱን አገላብጣችሁ እዩ

ጫጩቶቼ አራተኛ ሳምንታቸው ላይ ክንፋቸውን ጥለው ማንቀላፋት ጀመሩ። ጉዝጓዙን ሳገላብጥ ደም የቀላቀለ ኩስ አየሁ። ኮክሲዲያ የሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ መሆኑ ስለገባኝ ወደ መድኃኒት ሻጭ ሮጥሁ። እሱም «ጥገኛ ተህዋስያንን በሙሉ ያጠፋል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱም ይኸው» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ዘረጋልኝ። ፎቶግራፉ ላይ ክብ ሳህን ይታያል፤ ሳህኑ ላይ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ተደርድረዋል፤ በየክቡ ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ቀለበት አለ፤ የቀለበቱ ስፋትም በሚሊሜትር ተጽፏል። ማኅተም ሳይ ልቤ ይቀልጣልና ገዛሁ።

ያ ምርመራ የባክቴሪያ ነው! ባክቴሪያ ሳህን ላይ በተዘረጋለት ምግብ ያድጋል፤ መድኃኒቱ የደረሰበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ኮክሲዲያን የሚያመጣው አይሜሪያ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ግን የሚራባው የዶሮዋ አንጀት ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ሳህን ላይ አይበቅልም። የአንጀት ትልም ቢሆን በዚህ መንገድ አይፈተንም። ቤት ገብቼ የጠርሙሱን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ኦክሲቴትራሳይክሊን ሆኖ አገኘሁት። ለባክቴሪያ የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ለእኔ ችግር ግን አልተሠራም።

አንቲባዮቲክ ሁሉ አይሜሪያን አይነካም ማለቴ አይደለም። ሞኔንሲንና ሳሊኖማይሲን ከስትሬፕቶማይሲስ ባክቴሪያዎች የተገኙ ሲሆኑ መኖ ውስጥ እየተቀላቀሉ ኮክሲዲያን ይከላከላሉ። ታዲያ እነሱንም በዘፈቀደ አትግዙ፤ ቲያሙሊን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ከተገናኙ ዶሮን ሊገድሉ ይችላሉ።

ትክክለኛው ሙከራ የሚደረገው በሕይወት ባሉ ጫጩቶች ላይ ነው። ሁለት ቡድኖች እኩል መጠን ያለው አይሜሪያ ይሰጣቸውና አንዱ ብቻ ይታከማል። ከዚያ በአንድ ግራም ኩስ ውስጥ ያለው ኦኦሲስት (ከኩስ ጋር የሚወጣው የአይሜሪያ እንቁላል መሳይ ቅርጽ) በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል፣ የአንጀቱ ቁስል ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ክብደትም ይመዘናል። ያልታከመው ቡድን ከሌለ ውጤቱን አትመኑ፤ ምክንያቱም ከበሽታው የተረፉ ጫጩቶች እንደገና ካልተያዙ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒትም ያገግማሉ። «ከሰጠናቸው በኋላ ደሙ ቆመ» የሚለው ምስክርነት የሚሸጠው በዚህ ነው።

ጠርሙሱን ልመልስ ስሄድ ሻጩ ፈገግ ብሎ «ታዲያ የተረፉት ዶሮዎችዎ በምን ዳኑ?» አለኝ።