የኪስ ዳዊት ለሹፌር ሚስት

ዛሬ የምጽፈው የዕቃ ግምገማ ስለ ድስት ወይም ስለ ፀጉር ቅባት አይደለም። ስለ ዳዊት ነው። ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ የሚሸጥ የኪስ መዝሙረ ዳዊት። በዛሬ ገበያ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ባነሰ ዋጋ ነው ያገኘሁት።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የሚሠራው ጅቡቲ መስመር ነው። ሹፌር ያገባች ሴት የምለውን ታውቀዋለች። ከሚሌ ወዲያ ስልኩ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። ስደውል ያቺ ሴትዮ ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች። ልቤ መደለቅ ይጀምራል። ከዚያ ፌስቡክ ከፍቼ የተገለበጠ መኪና ፎቶ ፍለጋ እገባለሁ፤ ታርጋ አጉልቼ አያለሁ። ብዙ ሌሊት እንዲህ ነግቶብኛል። መኪናው ሥራ ፈትቶ ሲቆም ደግሞ ሌላ ነው፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ።

ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ጭንቀት ነው ተብዬ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ እየወሰድኩ ነው። የንስሐ አባቴም "ልጄ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ" ነው ያሉኝ። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ "ዳዊት ደግሜ ክኒኑን ጣልኩት" የሚል ምስክርነት የሚጠብቅ ካለ እዚህ አያገኝም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። መጀመሪያ የነበረን ዳዊት በሙጫ ብቻ የተያዘ ነበር። ባለቤቴ ጋቢና ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ ያኖረዋል። የአፋር ፀሐይ ሙጫውን አቀለጠውና ቅጠሉ አንድ በአንድ ወለቀ። አሁን የገዛሁት በክር የተሰፋ ነው። ንዋየ ቅድሳት የሚሸጡት አባት ራሳቸው ናቸው ያሳዩኝ፦ መጽሐፉን መሃል ላይ ከፈት አድርገው በጥፍራቸው ስፌቱን ነካ ነካ አደረጉት። "ልጄ፣ ክሩን ሳታዪ ብር እንዳታወጪ" አሉኝ። ገጹንም አብረን ገለጥን፤ አንዳንዱ ቅጂ ሲጠረዝ ቅጠል ይዘለልበታል።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ይሆናል ማለት ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ለተጨነቀ ሰው "ጸልዪ" ማለት ቀላል ነው። ምን ብዬ? አፌ እኮ ቃል የለውም። ዳዊቱ ግን ቃሉን ሰጥቶኝ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነም ይነግረኛል። ሁሉንም ሁልጊዜ አልጨርስም። አንድ ንጉሥ ደግሜ የምተኛበት ቀን አለ። ዓርብ ደግሞ ሁለት ንጉሥ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ 118ኛው እዚያ ውስጥ ነው፣ 176 ቁጥር!

ዓርብን ግን እወደዋለሁ፣ 120ኛው ስላለበት። ፀሐይ በቀን እንደማታቃጥል፣ ጨረቃም በሌሊት፤ እግዚአብሔር መውጣትንና መግባትን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ሚሌና ጋላፊ መሃል ላለ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይጸለያል? የባለቤቴን ስም እየጠራሁ ነው የምደግመው።

ይሄ መጽሐፍ አለመሸንገሉም ደስ ይለኛል። ሰዎች "አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም" ይሉኛል። በምን አወቁ? ዳዊት እንደዚያ አይልም። ገና ሰኞ ላይ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ይጮኻል። ሐሙስ የሚደርሰው 87ኛው ደግሞ በመከራ ጀምሮ በመከራ ያበቃል። መጨረሻው ላይ ማጽናኛ ፈልጌ አጣሁ። ግን ያ ሰው የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነው፤ ጀርባውን አልሰጠም። እኔም በእሱ መታመን ማለት አለመፍራት ይመስለኝ ነበር። አሁን ፈርቼም፣ እየተንቀጠቀጥኩም ለእሱ እነግረዋለሁ። ስልኩ ከዚያ በኋላም ላይገባ ይችላል። ታርጋ ፍለጋ ግን ቀርቶልኛል፣ ባይቀርም ቀንሷል።

ስልክ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ አይበቃም ወይ ላላችሁኝ፦ ጥሩ ነው፣ ነጻም ነው። ነገር ግን የአከራዬ መልእክት የሚመጣው እዚያው ስልክ ላይ ነው። ፌስቡኩም እዚያው ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ታክሲ ውስጥ ማንበብ የማይሞከር ነው። ዕልባት ተብሎ የተሰፋችው ክር ብዙም ሳትቆይ ተተረተረች፤ አሁን የምጠቀመው የጥምቀት ሥዕል ያለባት ካርድ ነው። የማኅደሩ ማንገቻም ከቆዳው ይልቅ ፕላስቲክ ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ዕወቁ፣ ቁጥሩ ከሌላው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይገጥምም። የእኛ የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክኛ ትርጉም፣ አቆጣጠር ስለሚከተል 9ኛውና 10ኛው አንድ ላይ ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል። እህቴ ጴንጤ ናት። ባለቤቴ ሁለት ቀን ድምፁ ሲጠፋብኝ "121ን አንብቢ" ብላ ላከችልኝ። ከፈትኩ። "ወደ እግዚአብሔር ቤት እንሂድ ባሉኝ ጊዜ ደስ አለኝ" ይላል። ደወልኩላት፣ "አንቺ፣ እኔ ባሌ ጠፍቶብኝ የምን ደስታ ነው?" ስላት ሁለታችንም ሳቅን። በእኔ 120 ማለቷ ነበር። በስልክ አብረን ደገምነው፣ እሷ በእሷ ቁጥር፣ እኔ በእኔ።

ዓይናችሁ ደከም ካለ ወይም ለእናታችሁ ከሆነ የኪሱን ተዉትና ትልቁን ግዙ። ለጋቢና ግን በክር የተሰፋው ትንሹ ይሻላል፤ ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይቀመጥ በሏቸው።