ድራገን፦ የክራሽ ደምፕ ለሚያገላብጥ ሰው

ሰርቨር ሌሊት ወድቆበት ጠዋት ሲገባ ቪኤምኮር የሚባል ፋይል (ሲወድቅ የተቀመጠ የሜሞሪው ቅጂ፣ ክራሽ ደምፕ የሚባለው) ብቻ ቁጭ ብሎ የጠበቀው ሰው የምለው ይገባዋል። ድራገን ሜታ ውስጥ የሊኑክስን ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ለመመርመር የተሰራ የፓይተን ላይብረሪ ነው። እኔ ለአመታት የለመድኩት ክራሽ የሚባለውን የቆየ ቱል ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ ቢቲ ብሎ ስታክ (ፋንክሽኖቹ የተጠራሩበትን ቅደም ተከተል) ለማየት ያህል በጣም ፈጣን ነው ግን የሚሰጥህ ጽሁፍ ስለሆነ በግሬፕ (ጽሁፍ ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ) ስትለቅም ትውላለህ። ድራገን ራሱን የከርነሉን ዳታ ስትራክቸር እጅህ ላይ ያስቀምጥልሃል፣ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

አንዴ አንድ ሰርቨር በሳምንት 3 ጊዜ ወደቀብን፣ ሁሉም መብራት ነው አለ። መብራት ቢሆን ደምፕ ከየት ይመጣል? ከርነሉ ታስክ (አንድ የሚሮጥ ስራ) ከ120 ሰከንድ በላይ ሲንጠለጠል ፓኒክ እንዲያደርግ፣ ማለትም ራሱን እንዲጥል ነበር የተስተካከለው። ደምፑን ከፍቼ ፎር ኢች ታስክ በሚለው ፋንክሽን ፕሮሰሱን ሁሉ ዞርኩና ዲ ስቴት ላይ ያሉትን (የሆነ ነገር እየጠበቁ በማይቋረጥ እንቅልፍ የተኙትን) ብቻ ስታክ ትሬሳቸውን አወጣሁ፣ ኮዱ 10 መስመር አይሞላም፣ ሁሉም አንድ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ታስክ ብቻ የሚይዘው ሎክ) ላይ ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍሬሞች (የስታኩ እርከኖች) ላይ የሎኩን ቫርያብል ስጠይቅ አብሰንት (ዋጋው የለም) አለኝ፣ ሶስተኛው ላይ ተገኘ፣ ከዛ የሚውቴክሱን ኦውነር አንብቤ የታችኞቹን 3 ቢቶች ሳጠፋ (እነሱ ፍላግ ናቸው) ቁልፉን የያዘው ታስክ ወጣ። የባካፕ ፕሮሰስ ነው፣ መልስ ያልሰጠ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚደረስ የፋይል ማከማቻ) እየጠበቀ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የሚያስቸግረውንም ልናገር። ያው አብሰንት የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ይገጥምሃል፣ ኮምፓይለሩ ኦፕቲማይዝ ያደረገውን ማንም አይመልሰውም። የወደቀው ከርነል የራሱ፣ የዚያው ቢልድ፣ ዲበግ ሲምቦል (የስትራክቸሮቹንና የቫርያብሎቹን መረጃ የያዘው) ከሌለህ ደግሞ ብዙ አትራመድም። እና ሜክደምፕፋይል የሚባለው ቱል የጨመቀውን ደምፕ ለማንበብ ድራገን ሊብኬደምፕፋይል የሚባል ላይብረሪ ያስፈልገዋል፣ እኔ ድራገንን ከሶርስ ስቢልደው እሱን ረስቼ ፋይሉ አልከፈት ብሎኝ ግማሽ ቀን ፋይሉ ተበላሽቷል እያልኩ ተቀመጥኩ። ቢልድ ከማድረግህ በፊት እሱን ጫን።

ለመልመድ ክራሽ መጠበቅ የለብህም፣ በሱዶ ካስነሳኸው የሚሰራውን ከርነል በቀጥታ ያነባል። ያቺን 10 መስመር ስክሪፕት እኔ አሁን ሰርቨር መንቀርፈፍ ሲጀምር ገና ሳይወድቅ ነው የማስሮጣት።